የሰይፉ ወገን

ጥቅምት 5 ቀን

ጋሼ፣

ቀድሜ ልጽፍልህ ሳስብ አንተ ቀደምከኝ። ሰላምታዬ ከደብዳቤህ ኋላ እየሮጠ የሚደርስ ሆነ፤ በስንፍናዬ ሳቅና ተቀበለው። ከሄድክ ወዲህ እንዴት ነህ? ባሕሩ እንዴት ያዘህ? ልጅህና ሚስቱ ደህና ናቸው? ቤቱስ ተስማማህ?

አዎ፣ ወለሉ አልቋል። ከጎማ መጋዘኑ በላይ ያለው አዳራሻችን አሁን ስትረግጠው አያቃስትም። ሳንቃውን ያነጠፍነው ራሳችን ነን። ታውቀው የለ፣ የጃፓን ፍልሚያ ማኅበራችን ደመወዝተኛ የለውም፤ ቀድሞ የመጣ ይጠርጋል፣ መጨረሻ የወጣ መብራት ያጠፋል። ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ዝም በሉ» ሲል የሚውለው ሊቀመንበራችን አውራ ጣቱን በመዶሻ ሲመታ እሱን ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። አዲስ ጀማሪዎችም መጥተዋል። ግማሾቹ ሰው መጣል በሳምንት የሚማሩ መስሏቸው ነበር፤ የእግር አቀማመጥ ብቻ እያስደጋገምን ስናቆያቸው ፊታቸው ቅጭም ይላል። «ካታ ምንድን ነው?» ሲሉኝ መምህራችን ይሉን የነበረውን እላቸዋለሁ፤ ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ያደረጉት፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ የመጣ እንቅስቃሴ። ብዙም አይዋጥላቸውም። ቢሆንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ነፍሳቸውን ይማርና መምህራችን ከተማሩበት ከጃፓኑ ትምህርት ቤት ወረቀት ደርሶናል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የሆኑ አዛውንት ሴት በግንቦት ሊጎበኙን ይመጣሉ። ማየት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የጭጋጉን ካታ። እዚያ ካታውን ያውቅ የነበረው የመጨረሻው ሰው በቅርቡ አርፏል። መምህራችን ደግሞ የሰይፉን ወገን ለአንተ፣ የዱላውን ወገን ለእኔ ሰጥተው ነው የሄዱት። እስቲ አስበው ጋሼ፤ በዓለም ላይ ይህን ካታ የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። እኔም ግማሹን፣ አንተም ግማሹን።

ይህን ሳነብ ለአንዲት እናት የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ልክ የወጣበት ሰም እሳት ላይ ነበር። ረስቼው ፈሶ አለቀ። እንደገና አፍዎን ይክፈቱ ስላቸው «ልጄ፣ ፍቅር ይዞሻል እንዴ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ እቀራለሁ። አንተ ትቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ከመስኮቱ ብርሃን ይወርዳል፤ አቧራው በውስጡ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ዱላዬን ይዤ ወደ ብርሃኑ እገባለሁ። ማንም የለም። እንቅልፍ ውስጥ እንደመራመድ ነው። ልጅህ ለአንድ ሳምንት ቢለቅህ ምን ይለዋል? ትመጣለህ አይደል?

እህትህ፣ ጥርስ ሠሪዋ


ጥቅምት 26 ቀን

እህት ዓለም፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ እያለከለከ ገባ፣ ወንበር ሰጠሁት። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነኝ። ስለ ባሕሩ ለጠየቅሽኝ፣ ገና በቅጡ አላየሁትም ብልሽ ታምኛለሽ? ጠዋት መስኮቱን ስንከፍት ጭጋግ ነው። ከሰዓት ይገለጥና መርከብ ይሁን ደመና የማይለይ ነገር ከሩቅ ይታያል፤ ደግሞ ይዘጋል። ያን ሁሉ ዘመን ትራም ስነዳ ኖሬ አሁን ቤቱ ራሱ የሚሄድ ይመስለኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ፌርማታ እጠራለሁ አሉ። ምራቴ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ የት አደረሱን?» ትለኛለች።

እለማመድ እንደሆነ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። በየቀኑ። ዓይኔን ጨፍኜ ከመጀመሪያው እጅ መንሳት እስከ መጨረሻው እሄደዋለሁ። አንቺ ከፊቴ ነሽ። እንደ ልማድሽ ግራ ትከሻሽን ትንሽ ታስቀድሚያለሽ፤ እኔም እንደ ልማዴ አይቼ እንዳላየ አልፍሻለሁ።

ስለ ግንቦቱ ነገር እናያለን። የባሕር ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል ይላሉ፤ ግንቦት ደግሞ ሩቅ ነው። ይልቅ አዲሱን ወለል ሰም እንዳትቀቡት ለሊቀመንበሩ ንገሪልኝ። ያንሸራትታል።

ያንቺው ጋሼ


ኅዳር 14 ቀን

ጋሼ፣

ወለሉን ሰም አልቀባነውም። ጭጋጉን ወድጄዋለሁ፤ ምራትህንም ሳላያት ወደድኳት። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈው?

ቃሉ ያንተ ነው፤ ለዛህ አይጠፋኝም። ፊደሉ ግን ያንተ አይደለም። ያንተ መስመር ቁልቁለት እንደያዘ ትራም ወደ ቀኝ እየወረደ ሄዶ የወረቀቱ ጫፍ ላይ ነው ፍሬን የሚይዘው። ይኼኛው ቀጥ ያለ፣ በካውያ የተተኮሰ ጽሑፍ ነው። ደግሞ «መስኮቱን ስንከፍት» ነው ያልከኝ። መስኮት ለመክፈት ረዳት የያዝከው ከመቼ ወዲህ ነው?

እኔ የሰው አፍ ሳይ ነው የምውለው። ሰው በፊት ጥርሱ እየሳቀ መንጋጋው ሲያመው አውቃለሁ። አትሸንግለኝ ጋሼ። እጅህ ምን ሆነ?

መልስህ ከዘገየ ባቡር ተሳፍሬ እመጣለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

እህት ዓለም፣

እሺ፣ ተያዝኩ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በላክሁልሽ ሳምንት ነው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ቀኝ ጎኔ የሌላ ሰው ሆነ። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ ቧንቧውን የምዘጋበት እጅ አጣሁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ምላሴ ተመልሶልኛል፤ እግሬም ከብዙ በጥቂቱ። እጄ ግን ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ ዝም ብሎ ይውላል። ያን እጅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰይፉን ይይዝ የነበረው እሱ ነው።

አንቺ ግንቦት ላይ ስትጠብቂኝ ይህን እንዴት ብዬ ላስጽፍ? እስከ ዛሬ ሳልነግርሽ ቆየሁ። ይቅር በይኝ።

አትምጪ። እዚህ ያለ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀኝ ወንበር ላይ ነው። ቆሜ የምታውቂኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ዘንድ እንደቆምኩ ልቆይ።

«በካውያ የተተኮሰ» ማለትሽ አስቆናል። የምትጽፍልኝ ከእኛ በታች ምድር ቤቱ ላይ ላውንደሪ ያላት ጎረቤታችን ናት። ልጄና ምራቴ ሥራ ሲውሉ ሸሚዝ ልታደርስ ትመጣና እኔ ዘንድ ትንሽ ትቀመጣለች። ቢያንስ በጽሑፍ ይትረፍ ብዬ የሰይፉን ወገን ላስጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። አልሆነም። «ሰይፉን ከራስ በላይ አንሺ» ስላት ብዕሩን አስቀመጠች።

«ምን ያህል በላይ?»

«እኔ እንጃ። ልክ እስኪሆን።»

«ይኼን ልጻፈው ጋሼ? ‹ልክ እስኪሆን› ብዬ?»

ከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት አንስታ መሀል ወለል ላይ ቆመች። «እንዲህ?» አለች። «ዝቅ አድርጊው» አልኳት። «እንዲህ?» ክርንሽን ዘና አድርጊው አልኳት። እንዲህ ስንባባል ድንገት ልክ ሆነ። «እሱ ነው! እንዳትነቃነቂ!» ብዬ ጮህኩ። ምስኪን፣ ከታች ደንበኛ እየጠራት ቆማ ቀረች።

ያንቺው ጋሼ

እህቴ፣ ይህን የምጨምረው ጸሐፊዋ ነኝ። ጋሼን እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። አትደንግጪ፤ እየበሉ ነው። ስለ ካታው ሲያወሩ የቀኝ እጃቸው ጣት ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እሳቸው አላስተዋሉትም። እኔም ተስፋ አድርገው እንዳይሰበሩ ብዬ አልነገርኳቸውም።


ጥር 9 ቀን

ጋሼ፣

አለቀስኩ፤ ተናደድኩ፤ ደግሞ አለቀስኩ። ይህን ባለላውንደሪዋ ሳትዘል ታንብብልህ። አትምጪ ስላልከኝ አልመጣሁም። ባቡር ጣቢያው ድረስ ግን ሄጄ ተመልሻለሁ።

ለማኅበሩ ነገርኳቸው። ከታች ጎማ ሲንከባለል ብቻ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «ለእንግዳዋ ይቅርታ ጽፈን እንሰርዘው» አለ። ጫማችንን አድርገን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ በላክሃት አጭር ወረቀት «ባለላውንደሪዋ ሰይፉን እየተማረች ነው፤ እሷን ልላክልሽ ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ባለላውንደሪዋ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ጠላሁሽ ማለቴ አይደለም። ጋሼ፣ የጭጋጉ ካታ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቃለህ። ሰይፉ ግንባሬ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ አልሸሽም፣ ከሥሩ ወደ ፊት ነው የምገባው። እንጨት ቢሆንም ራስ ይፈነክታል። ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ጀምሬ እስከ ዛሬ የገባሁት የያዘውን ሰው አምኜ ነው። ሌላ ሰው ሲይዘው እግሬ እሺ አይለኝም። በመጥረጊያ እንጨት የተጀመረ ነገር በጥቂት ወር እዚያ አይደርስም። ካታው ካንተ ጋር ካለቀ ከነክብሩ ይለቅ።

እህትህ


የካቲት 3 ቀን

እህት ዓለም፣

«ከነክብሩ ይለቅ» ያልሽውን ባለላውንደሪዋ አነበበችልኝ፤ ወረቀቱን እንደ ሸሚዝ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ ሥራዋ ወረደች። የተቀየመች መሰለኝ። ወንበሬን እየጎተትኩ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

ከታች ያለው ግቢ አንሶላ የሚሰጣበት ነው። ከሆቴሎች የሚመጣ ነጭ አንሶላ ከግንብ እስከ ግንብ ተዘርግቷል። ጭጋጉ ሲገባበት የቱ አንሶላ፣ የቱ ጭጋግ እንደሆነ አይለይም። በዚያ መሀል የእንጨት ሰይፌን ይዛ ቆማለች። ትጠፋለች፣ ትታያለች። ነፋሱ አንዱን አንሶላ ሲገፋባት እንደ ሰው ትጠብቀዋለች፤ ደርሶ ሊመለስ ሲል ትቆርጣለች፤ ሰይፉ ጨርቁን ሳይነካው ያልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እንዲሁ ነን። ስትሳሳት መስታወቱን በማንኪያ እመታላታለሁ፣ ቀና ብላ ታየኝና ትደግማለች። አንዳንዴ ነቅቼ ይሁን እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንዳየኋት ሳላውቅ ይመሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በዚህ ካታ የሰይፉ ወገን ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። በየቅዳሜው ስታሸንፊኝ ኖረሻል፤ እኔም በየቅዳሜው እያፏጨሁ ቤቴ ገብቻለሁ። ለምን ይመስልሻል? የሰይፉ ሥራ ከልቡ መጥቶ ከልቡ መሸነፍ ነው። አስመስሎ ከመጣ የዱላው ወገን ምንም አይማርም። መምህራችን የሰይፉን ወገን በዕድሜ ለገፋው የሚሰጡት ለዚህ ነበር። ለዚህችም ሴት ያስተማርኳት ይህንን ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሁሌ የምሸነፍ ከሆነ ትርፌ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ያቺኛዋ ትኖራለች» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሳትመጣ የቀረችበት ቀን የለም።

አይሆንም ብትዪም አልሰማሁሽም። ቅዳሜ ትሳፈራለች፤ ላውንደሪውን እህቷ ትይዝላታለች። ዛሬ የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት፤ ፊደሉ ቢወላገድ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ ብለሽ አትደንግጪ።

ያንቺው ጋሼ


መጋቢት 1 ቀን

ጋሼ፣

ደርሳለች። እኔው ቤት ናት ያረፈችው። ሥራ ውዬ ስመለስ መጋረጃዬን ሁሉ አውርዳ፣ አጥባ፣ ተኩሳ ሰቅላው ጠበቀችኝ፤ በር ላይ ቆሜ የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ክንዷ ላይ የእንፋሎት ጠባሳ አላት። ሳትናገር ብዙ ትቀመጣለች፤ ዝምታዋ አይከብድም። ወድጃታለሁ፤ ይህን በግድ ነው የምጽፍልህ።

ካታው ግን አልሆነም። ሰይፉን ስታነሳ አነሳሷ ያንተ ነው። ሲወርድ ግን መሀል ላይ ይሞታል። ፀጉሬ ጋ ሳይደርስ ታቆመዋለች።

«ለምን ታቆሚዋለሽ?» አልኳት።

«ብመታሽስ?»

«አትመቺኝም፤ እገባለሁ እኮ።»

«ገና ሳልጀምር ገብተሽ ቆመሻል! የት ላይ ልቁረጥ?»

«አንቺ ስለምታቆሚ ነዋ!»

ሁለት ትልልቅ ሴቶች እንደ ሕፃን ተኮራርፈን ፊትና ጀርባ ተቀመጥን። አዳራሹ ሙሉ ሰው አቀርቅሮ ሳንቃውን ማጥናት ጀመረ። ለእንግዳዋ የይቅርታው ወረቀት እስካሁን አልተላከም፤ ሊቀመንበሩ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ባየኝ ቁጥር እጁን ኪሱ ይከታል። ምን ልበላት ጋሼ?

እህትህ


መጋቢት 13 ቀን

እህት ዓለም፣

ለእሷ ምንም አትበያት። የተባባላችሁትን ቃል በቃል ስለጻፍሽልኝ ተባረኪ፤ እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት። ቀድመሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ። ከእኔ ጋር እንዲህ አታደርጊም ነበር። አሁን ሰይፉ ሳይመጣ ትሸሺዋለሽ፤ የምትሸሺው ወደ ፊት ስለሆነ ግን መሸሽ አልመሰለሽም። እሷ ደግሞ የሚሸሽ ሰው ላይ እጇ አይታዘዝላትም።

ቁሚ። ሰይፉ እስኪወርድ ቁሚ። ልትመታሽ እንደምትችል እያወቅሽ ቁሚ። ያኔ እሷም ታምንሻለች።

ፊትሽን ሳላይ፣ እግርሽን ሳላይ፣ በወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ማዘዜ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ብሳሳት የሚመታው ያንቺ ራስ ነው። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀምጫለሁ። ይህን ላስጽፍሽ ካሰብኩ ወዲህ የበላሁት አልጣመኝም። ቶሎ ጻፊልኝ።

ያንቺው ጋሼ


ግንቦት 19 ቀን

ጋሼ፣

ስለ ግንባሬ ለጠየቅኸኝ፣ እብጠቱ ከጠፋ ቆየ። አንዴ ብቻ ነው የነካኝ፤ የተግባባነውም ከዚያ ወዲህ ነው። እሷ በረዶ ይዛልኝ ስታለቅስ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ስስቅ፣ ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም ሐኪም ቤት ሊወስደን ነበር። የይቅርታውን ወረቀት የቀደደው ያን ዕለት ነው።

አሁን ስለ ትናንት ልንገርህ። ዝናቡ አባርቶ ከመንገዱ እንፋሎት እየተነሳ በመስኮቶቹ ይገባ ነበር። እንግዳዋ ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። ወንበር ስናቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጀማሪዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። እኔና ባለላውንደሪዋ እጅ ተነሳሳን።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው፤ ድምፅ አልነበረውም። ከሩቅ ጀምረን ተጠጋጋን። አዳራሹ ረዘመብኝ፤ ስሄድ፣ ስሄድ፣ የማልደርስ መሰለኝ። ሰይፉ ተነሳ። ቆምኩ። ሁለመናዬ «ግቢ» እያለኝ ቆምኩ። ሰይፉ ወረደ።

ያኔ አንተን አየሁህ ብዬ ደስ ላሰኝህ አስቤ ነበር። አላየሁህም ጋሼ። ያየሁት እሷን ነው፤ ክንዷ በእንፋሎት የተጠበሰ፣ በሙሉ ጉልበቷ የምትቆርጥ፣ ደግሞም እንድኖር አጥብቃ የምትፈልግ ሴት። ገባሁ። ሰይፉ ከጆሮዬ አጠገብ አየሩን ይዞት ወረደ፤ ዱላዬ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ተሸነፈች፤ ከልቧ።

እንግዳዋ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ቀና አሉና በአስተርጓሚው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የሰይፉን ወገን ለዚህች ሴት ያስተማረው ማነው?» ስለ አንተ ነገርናቸው። «የት ነው ያለው?» አሉ። ሊቀመንበሩ ሩቅ ነው፣ ታሟል፣ ሊል አፉን ሳይከፍት እሳቸው ጫማቸውን ማሰር ጀምረዋል። ዛሬ ጠዋት ከባለላውንደሪዋ ጋር ተሳፈሩ። ይህ ደብዳቤ ከእሳቸው ኋላ ነው የሚደርስህ፤ ስለዚህ ሸሚዝህን ቀይር ብልህም ዋጋ የለው።

እኔ አትምጪ ስለተባልኩ ጣቢያው ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። ባቡሩ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆየሁ። ቅር ብሎኛል፤ አልደብቅህም። ምን አሉህ? ምን አልካቸው? ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

እህትህ


ሰኔ 8 ቀን

እህት ዓለም፣

ዶሮ የጫረው የሚመስለው ይህ ጽሑፍ የእኔው ነው። በግራ እጄ ነው። ዛሬ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። ስለዚህ አጭር ነው፤ ታገሺኝ።

ደረጃውን በራሳቸው ወጡ። አስተርጓሚው ከኋላቸው ያለከልካል። የመጽናኛ ንግግር የሚያደርጉልኝ መስሎኝ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወለሉ ላይ ተንበርክከው እጅ ነሱኝ። የሰይፉን ወገን እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። እኔን! በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ትምህርት ቤቱ የእሳቸው ነው፤ እኔ በዕረፍት ቀኔ የምማር ትራም ነጂ ነበርኩ። አፍሬ ከወንበሬ ልወርድ ስል ልወድቅ ነበር። ትከሻዬን ያዙና «ይቀመጡ» አሉኝ። በእኛ ቋንቋ ነው ያሉት። በመንገድ ላይ ባለላውንደሪዋን ጠይቀው የተማሯት ቃል ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልሄዱም። በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። መጀመሪያ ሳርማቸው ይቅርታ እየጠየቅሁ ነበር። አሁን እጮህባቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ባለላውንደሪዋም ስለ ቀኝ ጣቴ ደብቃ የቆየችውን ነገረችኝ። እየቻልኩ ነው፤ እጄ ብርጭቆ ይይዛል፣ ውሃ ከሌለበት።

አንድ ችግር ግን አለብን። እሳቸው የሰይፉን ወገን ይማራሉ። ባለላውንደሪዋ የምታውቀው የሰይፉን ወገን ነው። እኔም የሰይፉ ወገን ነኝ። ሦስት ተሸናፊዎች ተሰብስበን የሚያሸንፈን ሰው አጣን። ትናንት ይህን ስላቸው እንግዳዋ ወደ አስተርጓሚው ዞረው «ታዲያ ያቺን ሴት ለምን አይጠራትም?» አሉት።

አትምጪ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ቆሜ እንድታስታውሺኝ ነበር የፈለግሁት። አሁን እንዳለሁ ብታዪኝ ይሻለኛል።

ቅዳሜ ነይ። ባቡሩ ከሰዓት ይገባል። ከጣቢያው ወደ ባሕሩ የሚወርደውን መንገድ ያዢ፤ ላውንደሪውን ሁሉም ሰው ያሳይሻል። ከጎኑ ያለው ደረጃ የእኛ ነው። ካንኳኳሽ በኋላ ትንሽ ጠብቂ። የምከፍትልሽ እኔ ነኝ፤ ለመነሳት ጊዜ ይወስድብኛል።

ጋሼ